የሸረሪት ፍርሃት ይለቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሸረሪት ሳይ ነፍሴ ትወጣለች፤ ታራንቱላ ቤታቸው አኑረው ፍርሃቱ የለቀቃቸው ሰዎች አሉ የሚባለው እውነት ነው?» ላልከው፣ አዎ፣ አሉ። ታራንቱላ ጸጉራም ትልቅ ሸረሪት ነው፤ አብዛኛውን ቀን ሳይንቀሳቀስ ነው የሚውለው። ዓይን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ግን የአንዳንዱ ዝርያ ሴት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ፍርሃት ልታስለቅቅ ብለህ ዕድሜ ልክ እንዳትታሰር!

እኔማ ደብረ ማርቆስ ላይ ታራንቱላ ከየት አባቴ አመጣለሁ? የማድ ቤታችን ጥግ ያለችው ሸረሪት በቃችኝ። መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ አየኋት። በየቀኑ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ላብ ሲያሰምጠኝ አልሸሽም፣ እስኪበርድልኝ እቆማለሁ። ዋናው እሱ ነው። አንድ ቀን ዝንብ ስትጠቀልል እያየሁ መፍራቴን ረሳሁት።

እናቴ ግን «ቤቴን የሸረሪት ማደሪያ አደረግኸው!» ብላ በመጥረጊያ ጠረገቻት። አሁን ሌላ እየጠበቅሁ ነው።