ለቁማር የተዋጣ ገንዘብና በእመቤታችን ስም የተገባ ቃል

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው በላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምንሳለም ወዳጄ ፖከር የተባለውን የካርታ ቁማር ይጫወታል። መግቢያው 10,000 ዶላር ወደሆነ ትልቅ ውድድር ሊገባ ሲል 2,000 ዶላሩን እኔ ልሸፍንለት፣ ካሸነፈም ሃያ በመቶውን ሊሰጠኝ ተስማማን። ውል አልጻፍንም፤ በስልክ በላከልኝ የድምፅ መልእክት ግን «ሃያው ያንተ ነው፣ እመቤቴን!» ብሏል። እግዚአብሔር ፈቅዶ 60,000 ዶላር አገኘ። አሁን ግን 2,500 ዶላር ብቻ ሰጥቶኝ፣ «ቁማር ነው፤ የቁማር ውል አይጸናም፤ አንተም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነህ ይህን መጠየቅህ ነውር ነው» ይለኛል። ልክሰሰው ወይ? ቀሪውን ባገኝስ አሥራት ላውጣበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጥፋት ሌላ፣ የወዳጅህ ጥፋት ሌላ ነው፤ እርሱ ግን ያንተን ለራሱ መሸሸጊያ ሊያደርገው ስለፈለገ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ካንተው ልጀምር። ካርታውን የያዝኸው አንተ ባትሆንም ድርሻ ገዝተሃልና ከጠረጴዛው ውጭ ነበርሁ ልትል አትችልም። ፖከር እንደ ሎተሪ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ፣ ስሌትና የሰውን ሁኔታ ማጤን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ግን ተመልከት። ባለ መሬትና ባለ በሬ ለእኩል ቢያርሱ የሚካፈሉት እህል ከማንም ጎተራ የተወሰደ አይደለም። ከዕቁብ ጋር የሚያመሳስሉትም አሉ፤ ነገር ግን በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው፤ ሁሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል። ወዳጅህ ያገኘው 60,000 ዶላር ግን ሌሎች መግቢያ ከፍለው ያጡት ነው፤ ከዚያም ውስጥ እንዳንተ ያለ ሌላ ታክሲ ነጂ ያዋጣው 2,000 ዶላር እንደሌለበት ማን ያውቃል? በሐዋርያት ስም የተላለፈልን ቀኖና በቁማርና በስካር የሚጸና ካህን እንዲተው፣ ካልተወም ከማዕርጉ እንዲሻር፣ ምእመንም ከአንድነት እንዲለይ የሚያዘው ስለዚህ ነው። በጥያቄህ መካከል «እግዚአብሔር ፈቅዶ» ያልኸውንም ብታስበው መልካም ነው፤ በዚያች ሌሊት ያጡት ሰዎች ምን እንዲሉ ትፈልጋለህ?

አሁን ወደ ወዳጅህ ልምጣ። «ቁማር ስለሆነ ቃሉ አይጸናም» የሚለው ነገር የጽድቅ ልብስ የለበሰ ክህደት ነው። ቁማር መሆኑን ያወቀው ገንዘቡን ሲቀበልህ ነው ወይስ 60,000 ዶላር ካገኘ በኋላ? ቢሸነፍ ኖሮ 2,000 ዶላርህን ይመልስልህ ነበር? በስምምነታችሁ መሠረት አይመልስም ነበር፤ ስለዚህ አሁን እንደ ብድር ቈጥሮ በትንሽ ጭማሪ ሊዘጋው አይችልም። ኢያሱና የሕዝቡ አለቆች ለገባዖን ሰዎች የማሉት ተታልለው ነበር፤ ማታለሉ ሲገለጥ ግን «በእግዚአብሔር ምለንላቸዋልና ልንነካቸው አንችልም» አሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያን መሐላ ቢያፈርሰው በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ራብ መጣ። «ሄሮድስም ምሎ ነበር፤ መሐላውን ባይጠብቅ ይሻለው አልነበረምን?» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይሻለው ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉን መጠበቁ ራሱ የነቢዩን ራስ መቍረጥ ነበርና። ለባልንጀራ ድርሻውን መስጠት ግን በምንም መንገድ ኃጢአት አይሆንም። ደግሞም የተማለው በእመቤታችን ስም ነው፤ ስሟ በካርታ ጨዋታ መካከል መነሣቱ ራሱን የቻለ የንስሐ ጉዳይ ነው፤ ላንተም ለእርሱም፣ አንተ ሰምተህ ተቀብለሃልና።

እንዲህ ለተጫዋች ገንዘብ አዋጥቶ ድርሻ የመግዛት ንግድ ችግሩ ሁሉ ገንዘብ ሰጪው ካርታውን የማያይ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ለአምስት ሰው ሃያ ሃያ በመቶ ሸጦ ለስድስተኛው ቢሸጥ፣ ቢሸነፍ የሚጠይቀው የለም፤ ትርፉን በኪሱ ይዞ ይወጣል። ባያሸንፍ ደስ የሚለው ሰው ስላንተ ገንዘብ እንዴት ይታመናል? ወዳጅህ ይህን አድርጓል አልልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው በከተማችሁ የዋናውን የዓለም ውድድር 12 ሚሊዮን ዶላር ያሸነፈው ጄሚ ጎልድ ግማሹን ቃል ገብቶልኛል በሚል ሰው ተከስሶ፣ ራሱ በስልክ የተወው የድምፅ መልእክት ማስረጃ ሆኖ ቀርቦበት፣ ነገሩ በዓመቱ በስምምነት ተዘግቷል። አብረው የሚቈርቡት ከዚህ የሚለዩት በምንድን ነው?

ይሁን እንጂ ሂሳቡን በጽድቅ አድርገው። የ60,000 ሃያ በመቶ 12,000 ነው፤ 2,500 ተቀብለሃል፤ ነገር ግን ገቢው በሙሉ በእርሱ ስም ተመዝግቦ የድርሻህን ግብር እርሱ ከከፈለ፣ ያንን መቀነሱ በደል አይደለም። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ የቁማር ገቢ ለብዙ ሰዎች ሲከፋፈል የሚሞላ 5754 የተባለ ቅጽ አለው፤ ሞልቶት እንደሆነ ጠይቀው።

ስለ መክሰስ፣ ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት በመክሰሱ ወቅሷቸዋል፤ «ብትበደሉ አይሻልምን?» እስከ ማለትም ደርሷል። ስለዚህ በማቴዎስ 18 እንደታዘዘው አስቀድመህ ብቻህን አነጋግረው፤ እምቢ ቢል የንስሐ አባቱን ወይም ሁላችሁም የምታከብሯቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘህ ሂድ። ከዚያ በኋላ ብትተውለት ዋጋ አለህ፤ ባትተውለት ግን እኔ ስግብግብ ነህ አልልህም።

አሥራቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ከዚህ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን አታምጣ። ካህናቱ ይሁዳ የመለሰውን ሠላሳ ብር፣ ክፉዎች ሆነው እንኳ፣ ወደ መባ ማኖር አልተፈቀደም ብለዋል። ያዋጣኸው 2,000 የላብህ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለንስሐ አባትህ ነግረህ እርሳቸው እንደሚመሩህ አድርገው።

የድምፅ መልእክቱን አታጥፋው፤ ለሰው ሁሉ እያዞርህ ደግሞ አታሰማው። በኦሪት ዘፍጥረት ትዕማር ከአማቷ ከያዕቆብ ልጅ ከይሁዳ ፀንሳ፣ የእርሱን ቀለበት፣ አምባርና በትር ይዛ ሳለች፣ ለእሳት ሲያወጧት እንኳ በአደባባይ ስሙን አልጠራችም፤ ለራሱ ላከችለት፤ እርሱም አይቶ «ከእኔ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ ናት» አለ። አንተም መልእክቱን መልሰህ ለእርሱ ላክለት።