እናትሽ ሁዳዴን መጾም ከፈለጉ

እህቴ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትሽ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። ዋናው ነገር የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች እምብዛም አያወርድም። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን በባዶ ሆድ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸው ጋ ውሰጃቸው፤ መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክል። በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ አደራ!

ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ወዲያው የደም ስኳራቸውን ለኪ። ከ70 mg/dL በታች ከሆነ ጾሙ እዚያው ይቁም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። መለኪያ ከሌለሽም ስኳሩን ስጪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አትስጪ፣ ሆስፒታል አድርሻቸው።

የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ማለት አይደለም። ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ ስኳሩን ቶሎ ይሰቅሉታል። እንጀራውን ቀንሺ፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን አብዢላቸው። ከበሉ በኋላ ትንሽ በእግራቸው ቢንቀሳቀሱም ጥሩ ነው።

የንስሐ አባታቸውንም አነጋግሪ። ለታመመ ሰው ጾሙ ይቀልለታል፤ ብዙ እናቶች ደግሞ ይህን ከሐኪም ይልቅ ከእሳቸው ሲሰሙ ይቀበላሉ።