ሲስተሙ ከታደሰ በኋላ ፒዲኤፍ አልከፍት ያለው ፋየርፎክስ

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ላይ ለዓመታት ኡቡንቱ 16.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ነበር። ሰሞኑን ደረጃ በደረጃ እስከ 22.04 አሳደግኩት። ድሮ ፒዲኤፍ ስጫን በአዶቤ ሪደር ፕለጊን (ብሮውዘር ላይ በሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) እዚያው ፋየርፎክስ ውስጥ ይከፈትልኝ ነበር። አሁን ሁሉም ዳውንሎድ ይሆናል እንጂ አይከፈትም። ሪደሩን አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ጫንኩት። የፕለጊኑንም ፋይል ራሴ ወደ ፕለጊን ፎልደሩ ገለበጥኩት። ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ መጫኑን ይተዉት፤ ለአራተኛ ጊዜም ቢሞክሩ አይሠራም። ፕለጊኑ አልተበላሸም፣ የሚገባበት በር ነው የተዘጋው። እንዲህ ያሉ ፕለጊኖች ከብሮውዘር ጋር የሚገናኙት ኤንፒኤፒአይ በሚባል አሮጌ መንገድ ነበር። ክሮም ሊኑክስ ላይ ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጋው። ፋየርፎክስም በ2017፣ በስሪት 52፣ ከፍላሽ በቀር ሌሎቹን ከለከለ። በ2021 ፍላሽም ቀረ። የእርስዎ ብሮውዘር ሳይታደስ ስለቆየ ይህ ሁሉ አልነካዎትም ነበር። ሲስተሙን ሲያሳድጉ የዓመታቱ ለውጥ ባንዴ መጣብዎት።

ሪደሩንም ቢያራግፉት ይሻላል። የሊኑክሱ አዶቤ ሪደር 9.5.5 ላይ ቆሟል፤ ከ2013 ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አልወጣለትም። ከየትም የሚላክልንን ፋይል በእንዲህ ያለ ፕሮግራም መክፈት አደጋ ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ፋይሉ ሲከፈት ጉዳቱ ስለማይታይ ነው።

ፋየርፎክስ ከስሪት 19 ጀምሮ የራሱ የፒዲኤፍ ማንበቢያ አለው። ታዲያ ለምን ዳውንሎድ ብቻ ያደርጋል? እኔ የምጠረጥረው አንድ የቆየ ዘዴ ነው። ያኔ የአዶቤን ፕለጊን የሚመርጡ ሰዎች የፋየርፎክስን ማንበቢያ ሆን ብለው ያጠፉት ነበር። ይህ ምርጫ የሚቀመጠው ፕሮፋይሉ (ፋየርፎክስ ምርጫዎንና ቡክማርክዎን የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ ነው፤ ፕሮፋይሉ ደግሞ ሲስተሙ ሲታደስ አብሮ ይሻገራል። ፕለጊኑ ሄደ፣ ማንበቢያው እንደጠፋ ቀረ።

ለማረጋገጥ የብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አባውት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርገው፣ «ኮንፊግ» ብለው ይጻፉና ማስጠንቀቂያውን ይለፉ። መፈለጊያው ላይ «ፒዲኤፍጄኤስ» ብለው ይፈልጉ። ከሚመጡት ውስጥ «ዲስኤብልድ» የሚለው «ትሩ» ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። ወደ «ፎልስ» ይቀይሩት። ሌላ ምንም አይንኩ።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ «ጄኔራል» ገጽ ላይ ወደ «አፕሊኬሽንስ» ይውረዱ። ፒዲኤፍ ከሚለው ጎን በፋየርፎክስ ክፈት የሚለውን ይምረጡ። ፋየርፎክስን ዘግተው ከፍተው ይሞክሩት። አሁንም እምቢ ካለ አዲስ ፕሮፋይል ፈጥረው በእሱ ይዩት። በአዲሱ ከከፈተ ችግሩ ያለው የድሮው ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ቡክማርክዎን ወደ አዲሱ ያዛውሩና የድሮውን ይሰናበቱት።

ሌሎች ሳይቶች ላይ ተከፍቶ አንድ ሳይት ላይ ብቻ ዳውንሎድ ቢሆን ግን ማሽንዎን አይውቀሱ። ሰርቨሩ ራሱ «ይህን አውርደው እንጂ አታሳየው» ብሎ የሚልክበት ጊዜ አለ። ያወረዱትን መክፈት ብቻ ነው።

22.04 ላይ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። እዚያ ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባል የፕሮግራም ማሸጊያ ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን ከልሎ ስለሚያስቀምጠው ሁሉንም ፎልደር አያይም። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያለ ፒዲኤፍ ሊከፍቱ ሲሉ ፋይሉ እያለ «የለም» ወይም «አልተፈቀደም» ሊልዎት ይችላል። ፋይሉን ወደ ዶክዩመንትስ ቢያዛውሩት ይከፈታል።

ምናልባት አዶቤን የሙጥኝ ያሉት ለሚሞላ ፎርም ከሆነም መፍትሔ አለው። አንዳንድ ፎርም ሲከፈት «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ ብቻ አሳይቶ ይቀራል። እነዚህ ኤክስኤፍኤ የሚባሉ ፎርሞች ናቸው። ፋየርፎክስ ከስሪት 93 ጀምሮ ብዙዎቹን ራሱ ይከፍታል፣ ያስሞላልም። ኤቪንስ በሚባለው የኡቡንቱ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ ያ ገጽ ከመጣብዎት ፋይሉን ፋየርፎክስ ላይ ጎትተው ይጣሉት። የዲጂታል ፊርማ ማየት ካስፈለገዎት ደግሞ ኦኩላር የሚባለውን ሌላ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ይጫኑ።