ጥያቄና መልስ፦ ኩሬዬ አረንጓዴ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለኝ። ጎመንና ቃሪያ አጠጣበታለሁ፤ ጥቂት ቆሮሶ ዓሣም ለቅቄበታለሁ። ከላይ በኩል የበቆሎ ማሳ አለ። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ጠርዙ ላይም ክር ክር የሚል ነገር ያዘ። አንዱ ጎረቤቴ በረኪና ጨምርበት ይለኛል። ሌላው ደግሞ ከጣና እምቦጭ አምጥተህ ጣልበት፣ ፀሐይ ይከልልሃል አለኝ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም አይስሙ! በረኪናው ዓሣዎን ይፈጃል። እምቦጩ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ስንት ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ከጓሮዎ አንዲት ቅንጣት በጎርፍ ብር ወንዝ ብትገባ ዓባይን ይዛ እስከ ህዳሴ ግድብ ነው የምትወርደው። እባክዎ፣ ደጅዎ አያድርሱት።

አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ ዋቅላሚም ይሉታል። ካልመገቡት አይፋፋም። ክረምቱን ከበቆሎው ማሳ ዩሪያውን፣ ኤንፒኤሱንና ፍጉን ጎርፍ እየጠረገ አስገብቶልዎታል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ፀሐይ ተጨመረበት፤ በቃ፣ ፈላ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከኩሬው በላይ ነው። ጎርፉ የሚገባበትን ቦታ ይፈልጉና በቦይ ያስቀይሱት። በቦዩና በኩሬው መካከል ደሾ ሣር ይትከሉ። የዓሣውንም ምግብ ይቀንሱ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ በልተው የማይጨርሱት ሁሉ ለአልጌው ነው የሚተርፈው።

ክር ክሩን በእጅ ማውጣት ይቻላል። ሻካራ እንጨት ይክተቱና ጥጥ እንደሚፈትል ሰው ያሹሩት፤ እየተጠቀለለ ይወጣል። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይጣሉት። አረንጓዴውን ውሃ ለጎመኑ ያጠጡ፣ ይወደዋል፤ በምትኩ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ።

ትንሽ አረንጓዴነት ግን አያስደንግጥዎት፣ ቆሮሶ ይበላዋል። እጅዎን ቀስ እያሉ ውሃው ውስጥ ይክተቱ። መዳፍዎ የሚጠፋው ውሃው ክርንዎ አካባቢ ሲደርስ ከሆነ ደህና ነው። ገና አንጓዎ ላይ ሲደርስ ከጠፋ በዝቷል። ያን ጊዜ አልጌው ሌሊት ኦክስጅኑን ስለሚሻማቸው ዓሣዎቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ያያሉ። ምግቡን ያቁሙና ቶሎ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ። አልጌውን ባንዴ በመድኃኒት መግደልም ያው ነው፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

የገብስ ገለባ ይሞክሩ። ለ20 ካሬ ሜትር ኩሬ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ ሳሳ ባለ ከረጢት አድርገው ያንሳፉት። ያለውን አልጌ አይገድልም፤ አዲሱ እንዳይበቅል ነው የሚያግዘው፣ ያውም ከሳምንታት በኋላ። ሁሉም ኩሬ ላይ እኩል አይሠራም፤ ግን ርካሽ ነው።

አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ከመሰለ፣ በእንጨት ሲያነሱት ክር ሳይሆን የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ በጠርሙስ ቀድተው ሳይነቀንቁ ያሳድሩት። ጠዋት አረንጓዴውን ከላይ ተንሳፎ ካገኙት መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥጃም ውሻም አይጠጣበት፤ ጎመኑንም አያጠጡበት። ጠርሙሱን ይዘው ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።