እናትን ይዞ ሶክቾና ሶራክሳን፦ ተራራው አርብ፣ ከተማው ቅዳሜ

ሰላም እህቴ። እናትሽ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት እንደመጡ፣ በኦክቶበር አጋማሽ አርብ ጠዋት ከሴኡል ተነስታችሁ በኮሪያ ምሥራቅ ጠረፍ ወዳለችው ሶክቾ ከተማና አጠገቧ ወዳለው የሶራክሳን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ሄዳችሁ ቅዳሜ ማታ እንደምትመለሱ፣ መኪናም እንደሌላችሁ ጽፈሻል። ኡልሳንባዊ የሚባለው የሶራክሳን የድንጋይ ጫፍ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይሆናል ወይ? የጾም ምግብስ ይገኛል? ነው ጥያቄሽ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዕቅድሽን ገልብጪው። አርብ ከተማውን፣ ቅዳሜ ተራራውን ብለሻል። ኦክቶበር አጋማሽ ቅጠሉ የሚቀላበት ወቅት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴኡል የሚመጣው ሰው ብዛት ሌላ ነው። ወደ ፓርኩ በር የሚያደርሰው መንገድ መጨረሻው ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከረፋዱ በኋላ አውቶቡሱም ታክሲውም እዚያው ተገትሮ ይቀራል። አርብ ግን የሥራ ቀን ነው። ከጎሶክ ተርሚናል (ሜትሮ 3፣ 7 እና 9 የሚገናኙበት) በማለዳው አውቶቡስ ብትነሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የመመለሻውንም ትኬት አሁኑኑ ቁረጪ፤ በቅጠሉ ወቅት የቅዳሜ ማታ ወንበር ያልቃል።

ሶክቾ ሁለት ተርሚናል አላት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጎሶክ የሚመጣው በደቡብ በኩል፣ ከባሕር ዳርቻው በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ያወርዳል። ከዶንግሴኡል (ሌላው የሴኡል ተርሚናል) የሚመጣው ግን በሰሜን፣ ዶንግምዮንግ ወደብ አጠገብ ነው። ማደሪያ በደቡቡ ተርሚናል አካባቢ ያዢ፤ ሻንጣውን ጥላችሁ ወዲያው ወደ ተራራው ትሄዳላችሁ፤ መንገዱም ከዚያ ያጥራል። ፓርኩ በር ላይ ያሉት ሆቴሎች ማታ ጭር ስለሚሉ ለእናትሽ አልመርጣቸውም። ወደ ፓርኩ የሚሄዱት አውቶቡሶች 7 ቁጥር እና 7-1 ናቸው፤ የሴኡሉ የትራንስፖርት ካርድ፣ ቲመኒ፣ ይሠራል። ሆቴሎቹ ጋ ብዙ ሰው ሲወርድ አይታችሁ አትከተሉ፤ የእናንተ የመጨረሻው ፌርማታ፣ ሶጎንግዎን ነው። ጉግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ የእግር መንገድ በደንብ ስለማያሳይ ናቨር ማፕን ጫኚ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ኡልሳንባዊ 873 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው አየሩ ምንም አይደለም፣ ከፍታው ከእንጦጦ ጋር አይወዳደርም። የሚጎዳው ደረጃው ነው። ከበሩ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከሚነቃነቀው ድንጋይ፣ ሁንድልባዊ፣ ድረስ ያለው ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ደረጃ ነው። የታመመ ጉልበት ደግሞ የሚፈተነው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት በአንድ እግር ላይ ይጥላል። ስለዚህ ለእናትሽ አይሆንም። “ግማሽ መንገድ ሄደን እናያለን” ማለቱም አያዋጣም፤ ደረጃው መሃል ላይ መቀመጫ እንደልብ አይገኝም፣ ከኋላ የሚመጣውም ይገፋል።

ለእሳቸው የሚሆነው የቢሶንዴ መንገድ ነው፦ መሄጃው ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሰፊ፣ ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ አቀበቱ ለስላሳ። ቀስ ብለው ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ይበቃቸዋል። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ቀጥ ያሉት የድንጋይ ግንቦች ከፊታችሁ ይቆማሉ፤ ከዚህ የበለጠ ለማየት ደረጃ መቁጠር አያስፈልግም። ከድልድዩ ማዶ ወደ ግምጋንግጉል ዋሻ የሚለው ምልክት 600 ሜትር ቢልም አይሸውዳችሁ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። የቢርዮንግ ፏፏቴ (2.4 ኪሎ ሜትር) ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ መጨረሻው አካባቢ የሚወዛወዝ ድልድይና ደረጃ አለው። ከፏፏቴው በላይ ወዳለው የቶዋንግሶንግ መመልከቻ የሚወስደው ደረጃ ግን ወደ 900 ይጠጋል፣ ተዉት።

ኬብል ካሩ ወደ ግዎንግምሶንግ አናት ያደርሳል። ትኬቱ በዕለቱ እዚያው ይገዛል፣ የምትሳፈሩበት ሰዓትም ይጻፍበታል፤ ስለዚህ በሩን እንደገባችሁ ቀድመሽ ግዢና ሰዓቱ እስኪደርስ ተራመዱ። ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፣ ሶክቾ ላይ ደግሞ ነፋሱ ብርቅ አይደለም። በዚያ ከተቋረጠ ቢሶንዴ ይበቃል። የፓርኩ የመግቢያ ክፍያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል።

ፀሐይ ከባሕር ወጥታ ከተራራው ጀርባ ስለምትገባ ሸለቆው ከከተማው ቀድሞ ይጨልማል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ አትግቡ። ለሰው አንድ ሊትር ውኃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ድንጋዩ ሲርስ ያንሸራትታልና ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሁን። አደጋ ቢያጋጥም 119 ደውለሽ በመንገዱ ዳር የቆመውን ምልክት ቁጥር ንገሪያቸው፤ የት እንዳላችሁ በዚያ ያውቃሉ።

አርብ ጾም ነውና ምሳ በሩ አካባቢ ሳንቼ ቢቢምባፕ እዘዙ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል በሩዝ ማለት ነው። “ጌራን ፔጁሴዮ” በይ፣ እንቁላሉን አውጡልኝ ነው። የሚሸውደው ዋናው ሳህን ሳይሆን ጎኑ ነው፤ ኪምቺው አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው አለው፣ ሾርባውም ብዙ ጊዜ በደረቅ አንቾቪ ነው የሚፈላው። ለእራት በታክሲ ሃክሳፕዮንግ ሂዱ፤ በባሕር ውኃ የሚረጋ ሱንዱቡ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ለስላሳ ቶፉ፣ የሚሠራበት ሰፈር ነው። ቀዩን ሳይሆን ነጩን፣ በአኩሪ አተር ሶስ። ሳይመሽ ነው ታዲያ።

ቅዳሜ ጋትቤዋን ተሳፈሩ፤ ተሳፋሪው ራሱ ሽቦውን በመንጠቆ እየጎተተ የሚያሻግራት ጠፍጣፋ ጀልባ ናት፣ በአንድ ጉዞ 500 ዎን። ማዶ ያለው አባይ መንደር በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ሃምግዮንግ የተሰደዱ ሰዎች የሠሩት ነው። የሚታወቅበት ሱንዴ ግን የአሳማ አንጀት ነው፤ የማትበሉ ከሆነ የሶክቾ ገበያ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ የዶሮ ጥብስ፣ ታክጋንግጆንግን ያዙ።

ሦስተኛ ቀን ከተገኘ ብቻ፣ ከሰሜኑ ተርሚናል ወደ ቹንቾን አውቶቡስ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው የኮሪያ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልትና የቃኘው መታሰቢያ አዳራሽ እዚያ ነው፤ በዕድሜያቸው ያለች እናት እዚያ ቆማ ማየቷ ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜው ላይ ግን አትጨምሪው፣ አይደርስም።