ታይም ሺት ላይ ያልጻፍኳቸው ሰዓታት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ማታ 3 ሰዓት ላይ አያት አደባባይ ከታክሲ ስወርድ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋት። ላፕቶፗን አዝላ ወደ ቤቷ እያዘገመች ነው። አንድ ትልቅ አማካሪ ድርጅት ከገባች አራት ወሯ ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ከአለቃ ቀድሞ የሚወጣ እኮ የለም» አለችኝ። ከመሸ በኋላ ከመገናኛ አያት ታክሲ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል።

እኔም በማማከር ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እኛ ዘንድ የሚሸጠው የሰው ሰዓት ነው። ለጨረታ ዋጋ ሲቀርብም ስንት ሰው ስንት ቀን ይሠራል ተብሎ ይሰላል። የስሌቱ መነሻ ደግሞ ያለፈው ሥራ ታይም ሺት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚሞላበት ቅጽ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ እስከ ማታ 4 ሰዓት አምሽቼ ስምንት ሰዓት ብቻ እሞላ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ «በጀቱ እያለቀ ነው» ሲል ወደኔ ዞር ይላል፤ ያ ይበቃኝ ነበር። ሰነፍ እንዳልባል ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር። «እሱ ፈጣን ነው» ይባልልኝ ነበራ!

በዓመቱ ተመሳሳይ ሥራ መጣ። በኔ ታይም ሺት ተሰልቶ፣ አምስት ሰው የሚፈልገው ለሦስት ሰው ተሰጠ። ከሦስቱ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ሳያት ነው ያደረግኩት የገባኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ የነገረውን አመነ፣ ወረቀቱን የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የሠራችሁትን ያህል ጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ግን ካርዳችሁ ላይ «ማናጀር» ስለተባለ ብቻ የሥራ መሪ አትሆኑም፤ የሚታየው ሥልጣናችሁ ነው።

አለቃችሁ «ስምንት አድርገው» ካላችሁ አትጨቃጨቁ። «እንዳሉኝ ስምንት መዝግቤያለሁ፣ የሠራሁት አሥራ ሁለት ነው» ብላችሁ በኢሜይል ላኩለት። ሥራው እንደማይደርስ ካወቃችሁም ማክሰኞ ተናገሩ፣ ዓርብ ማታ አታስደንግጡት።

በሙከራ ጊዜ ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ያኔ ቢያንስ የራሳችሁ ደብተር ላይ ያዙት።

ያን ማታ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር በሯ ላይ ስንደርስ «ዛሬ ስንት ሰዓት ሞላሽ?» አልኳት። «ስምንት» አለችና ሳቀች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባቡር ስትሳፈር አይቻት ነበር።