«እኔም ብሆን አልጠብቀውም» አልኩ፤ እናቴ ሰማች

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው አትላንታ፣ ጆርጂያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ችግሬ ከልቦለድ የመጣ ነው ብል ይስቁብኝ ይሆናል። ግን ቤቴ ውስጥ ኩርፊያ ገብቷል።

እኔና ጥቂት የሐበሻ ጓደኞቼ በየወሩ አንድ መጽሐፍ አንብበን እንገናኛለን። ባለፈው ተራው የእኔ ነበር። የታያሪ ጆንስን «አን አሜሪካን ማሪጅ» መረጥኩ። በ2018 የወጣ ነው፤ ኦፕራ ያኔውኑ ለመጽሐፍ ክለቧ መርጣዋለች፣ በ2019 ደግሞ እንግሊዝ አገር የሴቶች የልቦለድ ሽልማት አግኝቷል። ደራሲዋ የአትላንታ ልጅ ናት።

ላላነበቡት ባጭሩ ልንገር። ሮይና ሰለስቲያል የተማሩ፣ ገና ብዙ የሚያስቡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከተጋቡ ዓመት ከምናምን ቢሆናቸው ነው። የእሱን ወላጆች ለመጠየቅ ሉዊዚያና ሄደው ሆቴል ያድራሉ። በዚያ ሌሊት አንዲት ሴት ትደፈራለች። ሴትየዋ ተሳስታ «እሱ ነው» ብላ ሮይን ትለያለች። ሚስቱ አብሬው ነበርኩ ብላ ብትመሰክርም የሰማት የለም። 12 ዓመት ተፈረደበት። መጀመሪያ ይጻጻፋሉ፣ እየሄደች ትጠይቀዋለች። እየቆየ ግን «ሚስትህ ሆኜ መቀጠል አልቻልኩም» ብላ ትጽፍለታለች፤ ከልጅነት ጓደኛዋ ከአንድሬ ጋርም ትሆናለች። 5 ዓመት ታስሮ ፍርዱ ተሽሮለት ሲፈታ ሮይ ሚስቴ ብሎ ይመጣል።

የዚያን ቀን ሳሎኔ ለሁለት ተከፈለ። አንዷ «ባሏ ቢሞት እንኳ ዓመቱን ትጠብቅ ነበር፤ ይሄ እኮ በሕይወት አለ» አለች። ሌላዋ አንድሬን አወረደችበት። «ጓደኛው አይደል እንዴ? ያስተዋወቃቸውስ እሱ ራሱ አይደል?» እኔ ለሰለስቲያል ቆምኩ። ወጣት ናት፣ ልጅ የላቸውም፣ 12 ዓመት ዕድሜ ነው አልኩ። ክርክሩ ሲጦፍ ደግሞ «እኔም ብሆን አልጠብቀውም» አልኩ።

እማዬ እዚያው ቡና እያፈላች ነበር። ቶናውን እየቀዳች። ምንም አላለችም።

እማዬ አባቴን ጠብቃዋለች። በደርግ ጊዜ ከርቸሌ ታስሮ ዓመታት ስንቅ አመላልሳለች። እኔ የተወለድኩት ከተፈታ በኋላ ነው። አባዬ አሁን በሕይወት የለም። እሷ ልጆቼን ልታሳድግልኝ መጥታ አብራን ትኖራለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስታናግረኝ ባጭር ባጭሩ ነው። «እማዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው» አልኳት። «ልቦለድ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለችኝ። ጓደኞቼ የሚመጡ ቀን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን ቀልድ አድርጎታል። የመኪና ቁልፍ ባነሳ ቁጥር «ዛሬ ፖሊስ ቢይዘኝ እንግዲህ ማን ሊጠብቀኝ ነው?» ይላል።

አልዋሽዎትም፣ አሁንም ሰለስቲያል አጥፍታለች ብዬ አላምንም። ለእናቴ ስል ሐሳቤን ልቀይር? ይቅርታስ ብጠይቃት የምን ይቅርታ ነው የምለው?

ግራ የገባኝ፣ ከአትላንታ

*

እህቴ፣

አልሳቅኩብሽም። መጽሐፉ ራሱ ከጭቅጭቅ የተወለደ ነው። ታያሪ ጆንስ በተደጋጋሚ ስትናገረው፣ አንድ ቀን አትላንታ ውስጥ የገበያ ማዕከል ሄዳ ሁለት ፍቅረኛሞች ሲጨቃጨቁ ትሰማለች። ሴቲቱ፣ አንተ ብትሆን ሰባት ዓመት አትጠብቀኝም ነበር ትላለች። ወንዱ ደግሞ፣ አንቺን መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ ነገር አያገኝሽም ብሎ ይመልሳል። ደራሲዋ ሁለቱም እውነታቸውን ነው ብላ አሰበች። እናንተ ቡና ላይ የተከራከራችሁት ይህንኑ ነው።

ስለ ሰለስቲያል የእኔን ልንገርሽ። ባለመጠበቋ አልፈርድባትም። ግን አንድ ነገር አልወድላትም፤ ተለየሁህ ብላ ፍቺ አልፈጸመችም። ገንዘብ መላኳን አላቋረጠች፣ በወረቀት ሚስቱ እንደሆነች ቆየች። ታዲያ እሱ ምን ያስብ? ያልፈታችኝ ብትፈልገኝ ነው ብሎ መጣ። ተስፋ ለእስረኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ አይቀለድም። በሌላ በኩል ለሮይ ያለቀሱት ጓደኞችሽ አንዳንድ ገጽ የዘለሉ ይመስለኛል። ሰውዬው ከመታሰሩ በፊት ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ለሌላ ሴት የውስጥ ልብስ የገዛበትን ደረሰኝ ሚስቱ አግኝታበታለች። እስር ቤት መግባቱ መልአክ አያደርገውም። አንድሬንስ ተዪው፣ እሱን ለመውደድ እኔም ተቸግሬያለሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ዳኛው አለመኖሩ ነው። ሚስቲቱ ተከሰሰች፣ ጓደኛው ተከሰሰ፤ ንጹሕ ሰው 12 ዓመት የፈረደበት ፍርድ ቤት ግን ስሙም አልተነሳ። ሚስት ቅርብ ናት፣ መንግሥት ሩቅ ነው፤ እጃችን የሚደርሰው እሷ ላይ ነው። ነገሩ ደግሞ የልቦለድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያልሠሩት ወንጀል ተፈርዶባቸው ኋላ ነፃ የወጡ ሰዎችን የሚመዘግብ ብሔራዊ መዝገብ አለ። በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከእነዚህ ሰዎች 53 ከመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን ጥቁሮች 14 ከመቶ አይሞሉም። በሉዊዚያና ደግሞ ከ2019 በፊት ለተፈጸመ ወንጀል 12ቱ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ፣ ከተራው ሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች) አባላት በሙሉ መስማማት አያስፈልጋቸውም ነበር። ሁለቱ «አይደለም» እያሉ በ10 ሰው ድምፅ ዕድሜ ልክ ማሰር ይቻል ነበር።

ይህን ካላወቅን ጥያቄው የሚስት ጨዋነት ብቻ ይሆንብናል። ጥቁር አሜሪካዊ አንባቢ ሰለስቲያል ላይ የሚቆጣበት ምክንያት ከእኛ ይለያል። በ1931 አላባማ ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ልጆች «ደፈሩን» ተብለው በውሸት ተከሰው፣ ስምንቱ ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። ስኮትስቦሮ ይባላል ጉዳዩ። እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ ሲወራ ያደገ ሰው፣ በሐሰት የታሰረን ባል መተው ከከሳሾቹ ጋር እንደመቆም ሊታየው ይችላል። መጽሐፉ ውስጥ የሰለስቲያል የገዛ አባት እንኳ ለልጁ ሳይሆን ለሮይ ነው የቆመው። እናንተ ሳሎን ያላችሁትን እሱ ቀድሟችኋል።

አሁን ወደ እናትሽ።

እኔም ልጅ ሆኜ አክስቴን ተከትዬ ስንቅ ይዤ ሄጃለሁ። የያኔውን መጠበቅ ያላየ ሰው ቁጭ ብሎ መታገስ ይመስለዋል። ሥራ ነበር እኮ። ሌሊት ተነስቶ ወጥ መሥራት፣ ሳይበርድ ማድረስ፣ ሰልፍ፣ ፍተሻ። ባዶው አገልግል ሲመለስ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ስንቁ ሳይነካ ከተመለሰ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለች፣ ያቺ ሴት ጥቁር ልብስ ፍለጋ ትሄዳለች። እናትሽ ለዓመታት በየጊዜው በዚያ በር አልፈዋል። አንቺ «አልጠብቀውም» ስትዪ ስለ ትዳር ያለሽን አስተያየት መናገርሽ ነው። እሳቸው ምናልባት የሰሙት «አላበላውም» የሚል ነው። ሰለስቲያል ብትቀር ሮይ ልቡ ይሰበራል እንጂ የእስር ቤቱን ምግብ ይበላል። እናትሽ ቢቀሩ ግን አባትሽ ይራቡ ነበር፤ መኖራቸውንም የሚያጣራላቸው አይኖርም።

ስለዚህ ሐሳብሽን አትቀይሪ። ብትቀይሪም ያውቁብሻል፤ እናት በዚህ አትታለልም። ይቅርታ የሚለውንም ለጊዜው አቆዪው፣ የምን እንደሆነ ሳታውቂ የተጠየቀ ይቅርታ ያስቆጣል። መጽሐፉንም ደግመሽ አታስረጃቸው። ይልቅ ጠይቂያቸው። ያንን ዘመን ያወራሉ ወይስ «ጠብቃዋለች» ከሚለው ሌላ የምታውቂው የለም? ጠረጠርኩ። በደብዳቤሽ ላይ ስለ ሮይ እስር የጻፍሽው ስለ አባትሽ ከጻፍሽው ይበዛል።

ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት፣ ባልሽ በሌለበት ሰዓት ይሁን። «ለምን ጠበቅሽው?» አትበያቸው፤ ምርመራ ይመስላል። ትንንሹን ጠይቂ። ምን ይሠሩ ነበር? ማን አብሯቸው ይሄድ ነበር? ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር? መምጣት ስላቆሙት ሴቶች ሰልፉ ላይ ምን ይባል ነበር? ይህን የመጨረሻውን በተለይ ጠይቂ። ምናልባት ካንቺ የበለጠ ለሰለስቲያል የሚያዝን መልስ ትሰሚ ይሆናል፤ ምናልባትም ተቃራኒውን። «ተይኝ» ካሉሽ ተዪያቸውና ሌላ ቀን ሞክሪ።

ኩርፊያው ከለቀቃቸው በኋላ የመጽሐፉን ታሪክ ሙሉውን ንገሪያቸው። እስካሁን የሰሙት ያንቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ክፍል በአማርኛ እየመለስሽ አንብቢላቸው። እንደ እኔ ግምት እናትሽ የሚያዝኑት ለሮይ እናት ለኦሊቭ ነው። ልጇ እንደታሰረ በካንሰር ትሞታለች። ባሏ ሌላ ሰው እንዲቀብራት አልፈቀደም፤ አካፋ አንስቶ አፈሩን ራሱ መለሰ። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው፤ የሚገርመው ግን አንባቢዎች ሲከራከሩ ስለ እነሱ ትዳር የሚያነሳ ብዙም አልገጠመኝም።

ባልሽን በተመለከተ፣ ያ ቀልድ አንቺን ለመንካት ብቻ የተባለ አይመስለኝም። ጆርጂያ ውስጥ መኪና የሚነዳ ጥቁር ሰው ነው። ትንሽ ፈርቷል፤ በቀልድ እያወጣው ነው። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ «እውነት ቢይዙህ ምን ላድርግ?» በዪው፤ ሳትስቂ። ስልኩን ሲቀሙት ቁጥርሽን በቃሉ ያውቀዋል? የምትደውሉለት ጠበቃ አለ? ሰነዶቻችሁ የት ናቸው? ዜግነት ካልወሰደ ደግሞ ይህን አደራ፤ ቶሎ ልውጣ ብሎ «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳይል። ትንሽ የመሰለ ክስ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ጠበቃው ይህን አስቀድሞ ሊነግረው እንደሚገባ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል፤ የማይናገር ጠበቃ ግን አይጠፋም፣ ስለዚህ ራሱ ይጠይቅ።

የመጽሐፍ ቡድናችሁን ከቤትሽ አታውጪው። እናትሽ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ካሉ ይሂዱ፣ አትለምኛቸው። ቡናውን ግን ያን ቀን አንቺ አፍዪ።